ትሮምቦኑን ከመግዛትዎ በፊት ስላይዱን ይጠይቁት

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነ ይህችን ወረቀት ያውቋታል። አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ላይ ከልጅዎ ቦርሳ ተጣጥፋ ትወጣለች። የትምህርት ቤቱ ባንድ ተማሪዎች እየመዘገበ ነው፤ መሣሪያ ይመረጥ፤ ወይ ተከራዩ፣ ወይ ገዝታችሁ አምጡ ትላለች። እርስዎ በልብዎ ክላሪኔት ቢጤ ሲጠብቁ ልጅቷ «እማዬ፣ እኔ ትሮምቦን ነው የምፈልገው» ብላ ቁጭ።

ትሮምቦን ለዓይናችን እንግዳ አይደለም። የክቡር ዘበኛን ወይም የፖሊስ ሠራዊትን የሙዚቃ ጓድ ያየ ሰው ረጅሙን ቱቦ ወደፊት ወደኋላ የሚስቡትን ሰዎች አይረሳም። በሰልፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ከፊት የሚሆኑት ለክብር እንዳይመስልዎ፤ ቱቦው ሲዘረጋ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እንዳይወጋ ነው።

እንግዳ የሚሆንብን እጃችን ሲገባ ነው። ጎረቤት ጋራዡን ሲያጸዳ አንድ አውጥቶ ለሽያጭ ይደረድራል፤ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥም ጥቁር ረጅም ሳጥን ጥግ ይዞ ይገኛል። ሲከፍቱት ቢጫ ቱቦ፣ የማያውቁት ስም፣ አንድ ቁጥርና ብዙ ጭረት። ከሁለት እንዲህ ካሉ ሳጥኖች አንዱ ልጅዎን ሃይስኩል ድረስ ያደርሳታል፤ ሌላው በሁለት ሳምንት ከሙዚቃ ያስኮርፋታል። የትኛው የትኛው ነው?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሰፊውን አፍ ነው፤ ደወል የሚባለውን። ስሙ የተቀረጸው እዚያ ነው፣ የሚያብረቀርቀውም እሱ ነው። እኔ ግን ደወሉን ለጊዜው ሳጥኑ ውስጥ ይተዉት እላለሁ። የተማሪ ትሮምቦን ዋጋ ያለው በስላይዱ፣ ማለትም በሚሳበው ቱቦ ውስጥ ነው። ምክንያቱ እንዲገባን መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ጓሮ ውስጥ የተጣለ አሮጌ የውሃ ጎማ ካለዎት 2 ሜትር ከ70 ያህል ቆርጠው ይጠቡት። በአንዱ ጫፍ ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚቀዱበትን የላስቲክ መቅጃ ይሰኩ። በሌላው ጫፍ ከንፈርዎን ጥብቅ አድርገው ገጥመው፣ ከንፈሩ እስኪንቀጠቀጥ ይንፉ። መጀመሪያ የሚወጣው ነገር ያስቃል፤ ግድ የለም፣ ይቀጥሉ። ጥቂት ቆይቶ ጥርት ያለ አንድ ድምፅ ይይዛል።

አሁን የነፉት ትሮምቦን ነው ማለት ይቻላል። የተማሪ ትሮምቦን ቱቦ ሙሉ ርዝመቱ ይኸው 2 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ድምፁን የሚፈጥረው ከንፈርዎ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ከዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ውስጥ ለርዝመቱ የሚስማማውን መርጦ ያጎላዋል። ጎማውን ቢያሳጥሩት ድምፁ ይቀጥናል፤ ቢያስረዝሙት ይወፍራል። ከንፈርዎን ጠበቅ ሲያደርጉ በዚያው ርዝመት ሌላ ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ይዘላል።

ስለዚህ ዜማ ለመጫወት ርዝመቱን መለዋወጥ ያስፈልጋል። ትራምፔት ሦስት ቁልፎች ተሰጥተውታል። ትሮምቦን የተሰጠው የተጫዋቹ ክንድ ነው። ስላይዱ ሰባት ማቆሚያ ቦታዎች አሉት፤ አንዱን በተሻገሩ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይወርዳል። ቦታዎቹ ምልክት የላቸውም። ልጅቷ በጆሮዋ ታገኛቸዋለች።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ተንኮል አለ። ግማሽ ቶን ለመውረድ የአየሩ መንገድ በ6 በመቶ ገደማ መርዘም አለበት፤ ይህም መጀመሪያ ላይ 16 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስላይዱ ግን ሄዶ የሚመለስ ቱቦ ስለሆነ እጅ 8 ሳንቲሜትር ብቻ ሲገፋ ከስላይዱ ሁለት ጎን ለጎን ቱቦዎች (እግሮቹ እንበላቸው) በአንዱ 8፣ በሌላው 8 ይጨመራል። ቱቦው እየረዘመ ሲሄድ ያው 6 በመቶ ራሱ ስለሚያድግ ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው ቦታ ያለው ርቀት ወደ 11 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ሁሉም ሲደመር እጅ 56 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክንድ ሰባተኛው ላይ ላይደርስ ይችላል፤ አይጨነቁ፣ ጀማሪ ብዙውን የሚጫወተው ቅርብ ቅርቡ ላይ ነው።

አሁን ችግሩን ይመልከቱት። ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች በሌሎች ሁለት ቱቦዎች ውስጥ በፍጥነት መንሸራተት አለባቸው፤ አየር ደግሞ ማምለጥ የለበትም። አየር እንዳያመልጥ ቢያጠብቡት ይጨናነቃል፤ እንዲንሸራተት ቢያሰፉት ያፈሳል።

መፍትሔው የውስጥ ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ነው። የውጩን ስላይድ ሙሉ በሙሉ አውጥተው የውስጡን ቱቦ ከላይ ወደታች በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይፈትሹት። ጫፉ ሊደርስ 10 ሳንቲሜትር ያህል ሲቀረው ጥፍርዎ ትንሽ እርከን ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ቱቦው በጥቂቱ ይወፍራል። ባለሙያዎች ይህን ክፍል ስቶኪንግ ይሉታል። የውጩን ቱቦ የሚጠጋው ይህ ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው የውስጥ ቱቦ በቂ ክፍተት ይዞ ይጓዛል። ስቶኪንጉና የውጩ ቱቦ መካከል የሚቀረው ቦታ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ እሱንም የቅባትና የውሃ ስስ ንብርብር ይሞላዋል። ስቶኪንግ በ19ኛው መቶ ዘመን ባይገባ ኖሮ የዛሬው ቀልጣፋ ትሮምቦን ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፈተናው። መጀመሪያ የውስጥ ቱቦዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ጥቂት ውሃ ይርጩባቸው። የደረቀ ስላይድ ጥሩም ቢሆን ይፋጫል፤ ሳያረጥቡ መፍረድ ግፍ ነው።

ስላይዱን ብቻ መልሰው ገጥመው፣ ዘግተው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ክፍት አፎቹ ወደ ላይ፣ ቆልማማው ወደታች። ሁለቱን አፎች በሁለት አውራ ጣቶችዎ ይድፈኑ። ልጅቷ መቆለፊያውን ትፍታ፤ እጇንም ከሥር ዘርግታ ትጠብቅ፣ ወለል ላይ ሶፋ ትራስ ቢያስቀምጡ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ስላይዱ ጤነኛ ከሆነ አይወድቅም። የመርፌን ስሪንጅ ጫፍ በጣት ደፍኖ መሳብ እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ እዚህም የተዘጋው አየር የውጩን ቱቦ ይዞ ያስቀረዋል፤ ቢበዛ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። አሁን ጣትዎን ያንሱ። በዚያው ቅጽበት በራሱ ክብደት ሳይያዝ መውረድ አለበት።

አንድ ሙከራ፣ ሁለት መልስ። ጣት ተደፍኖም ዱብ ካለ አየር ያፈሳል። ጣት ተነሥቶም መሀል ላይ ከቀረ ተጣሟል ወይም ቆሽሿል። ሁለቱንም ያለፈ ስላይድ፣ ደወሉ ላይ ምንም ስም ባይኖር እንኳ ቁም ነገር ያለው ሰው የሠራው ነው።

ካፈሰሰ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ከታች ቆልማማው ላይ ያለችውን የምራቅ ማስወጫ ቁልፍ ሌላ ሰው በጣቱ አጥብቆ ይዝጋትና ሙከራውን ይድገሙት። አሁን ከያዘ ጥፋቱ የቁልፏ ቡሽ ነው፤ እሱን መለወጥ ርካሽ ሥራ ነው። አሁንም ካፈሰሰ ስቶኪንጎቹን በብርሃን ይዩ። የውስጥ ቱቦው በክሮም የተለበጠ ነው፤ ሰማያዊ ቢጤ መስታወት መሆን አለበት። ክሮሙ ተልጦ ከሥሩ ቢጫ ወይም ደብዛዛ ነጭ ከታየ ቱቦው አልቋል። ያንን ማሳደስ የትሮምቦኑን ዋጋ ሊበልጥ ይችላልና ባለቤቱን አመስግነው ይሂዱ።

ከተጨናነቀ ደግሞ የትኛው እግር እንደሆነ ይለዩ። የውጩን ስላይድ አውጥተው ያዙሩትና አንዱን እግር ብቻ በራሱ የውስጥ ቱቦ ላይ ያንሸራትቱ፤ ሌላው ወደ ጎን ወጥቶ ይቆይ። ቀጥሎ ሌላውን። አንደኛው እግር ለብቻው ካነከሰ እዚያ ላይ ስርጉድ ወይም ጥመት አለ። ለየብቻ ሁለቱም እየተንሸራተቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ከተጣሉ፣ ቱቦዎቹ ጎን ለጎን እኩል አይሄዱም ማለት ነው።

ይህን ለማየት ወጥ ቤትዎ ይበቃል። የግራናይት ጠረጴዛ ካለዎት እጅግ ጥሩ፤ ለጥ ያለ ነው። የውስጡን ስላይድ አጋድመው ያስተኙት፤ ወፍራሙ የእጅ መያዣ ግን ከጠርዙ ውጭ ይንጠልጠል። አንዱን ጫፍ በጣት ሲጫኑት ሌላው ብድግ ካለ ስላይዱ ተጠማዟል። ከዚያ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለውን ስፋት አንዴ መያዣው አጠገብ፣ አንዴ ጫፉ ላይ በማስመሪያ ይለኩ፤ እኩል መሆን አለበት። ልጅ ትሮምቦኑን ሲጥል ቀድመው የሚጣመሙት እነዚህ ናቸው፤ ጥሩ ጠጋኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያቃናቸዋል። የውጩ ቱቦ ላይ ያለች ሩዝ የምታክል ስርጉድ፣ ደወሉ ላይ ካለ ሳሕን የሚያክል ጉድጓድ ይልቅ ታሳስበኛለች።

ስላይዱ ካለፈ አሁን ደወሉን ከሳጥኑ ያውጡት፤ የትውልድ አገሩን እንጠይቀው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ ይልቅ ከሥሩ የተጻፈውን ከተማ ያንብቡ። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ የተማሪ ትሮምቦን ካገኙ «ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና» የሚል ጽሑፍ ሊያጋጥምዎት ይችላል። በዚህች ትንሽ ከተማ ቻርልስ ጄራርድ ኮን የሚባል ሰው ነበር። ታሪኩ እንደሚነገረው በጠብ መሀል ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ትራምፔት መሰሉን ኮርኔት መንፋት ሲያቅተው የማውዝፒሱን፣ ማለትም ከንፈር የሚገጥምበትን ቁራጭ፣ ጠርዝ በጎማ ሸፈነው፤ ሌሎች ነፊዎችም ወደዱትና በ1870ዎቹ ፋብሪካ ተከፈተ። ከእሱ ፋብሪካ የወጡ ሠራተኞችም የየራሳቸውን ከፈቱ፤ ከተማዋ የባንድ መሣሪያ መናኸሪያ ሆነች።

የኮን የተማሪ መስመር «ዳይሬክተር» ይባላል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ ደወላቸው ላይ ተወርዋሪ ኮከብ ተቀርጾባቸዋል። ከእነሱ መካከል ደወሉ ቀይ መዳብ የሆነ ካገኙ ቆም ይበሉ። ያ ደወል ተቀጥቅጦ ወይም ተበይዶ የተሠራ አይደለም፤ በቅርጹ ላይ ንጹሕ መዳብ በኤሌክትሪክ እየተለበጠ ውፍረት እስኪያገኝ ድረስ ያደገ ነው። ስፌት ቢፈልጉ አያገኙበትም። ለጀማሪ ልጅ መሣሪያ ይህን ያህል መድከም ዛሬ ማን ይደክማል!

የኮን የናስ ሥራ በ1970 አካባቢ ወደ አቢሊን፣ ቴክሳስ ተዛወረ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቁጥሩ የልደት ካርድ ሆነ። ቁጥሩን ደወሉና ስላይዱ በሚጋጠሙበት አንገት አካባቢ ይፈልጉት። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጂ» እና «ኢ»፣ ቀጥሎም 57 ብሎ ቢጀምር፦ «ጂ» የ1970ዎቹ አሥርት ነው፤ «ኢ» አምስተኛው ፊደል ስለሆነ አምስተኛው ወር፣ ሜይ፤ 5 ዓመቱን 1975 ያደርገዋል፤ 7 ደግሞ የሚሳብ ትሮምቦን ማለት ነው። «ጂ» በ«ኤች» ቢተካ 1980ዎቹ ነው።

ከኤልክሃርት ጋር ኤልክሆርንን አያምታቱ። ኤልክሆርን ዊስኮንሲን ውስጥ ነው፤ ሆልተን ከቺካጎ ወደዚያ የሄደው በ1918 ነው፤ የተማሪ መሣሪያዎቹም «ኮሌጂየት» ይባላሉ። «ክሊቭላንድ» የሚል ካዩ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ኪንግ የሚባለውን መሣሪያ ይሠራ የነበረው ኤች ኤን ዋይት ኩባንያ የነበረበት ከተማ ነው፤ የዚያው ኩባንያ የተማሪ መሣሪያ ስምም ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢስትሌክ፣ ኦሃዮ ስለሄደ ኢስትሌክ የሚል ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ነው። ኦልድስ ላይ ሎስ አንጀለስ ብቻ ከተጻፈ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት መሆኑን ይገምቱ፤ ፉለርተን ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው፤ ፋብሪካው በ1979 ተዘጋ። የኦልድስ «አምባሳደር» የተማሪ ቢሆንም ጠንካራ ነው፤ ባገኘው አላልፈውም።

«ባንዲ» የሴልመር ኩባንያ የተማሪ ስም ነው፤ ብዙ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ስላይዱ ደህና ከሆነ ይበቃል።

ያማሃ ከሆነ ሦስት የተጣመሩ መቃኛ ሹካዎች ያሉበትን ምልክት ያያሉ። ከምልክቱ ጋር «ኒፖን ጋኪ» የሚል ካለ አሮጌ ነው፤ ኩባንያው ስሙን ያማሃ ኮርፖሬሽን ያለው በ1987 ነውና። «ዋይ ኤስ ኤል 354» የሚባለው ሞዴል በትምህርት ቤቶች እጅግ የተለመደ ነው፤ የቱቦው ውስጣዊ ስፋት 12.7 ሚሊሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለትንሽ ልጅ ደግ ነው፤ የባለሙያዎቹ ሰፋፊ ትሮምቦኖች ወደ 13.9 ይደርሳሉ፤ ትንንሽ ሳንባ ያን ለመሙላት ይደክማል።

አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ጠፍተው የቀሩ አገሮች ይረዷችኋል። «ቼኮስሎቫኪያ» የሚል ማኅተም ከ1993 በፊት ነው፤ ምናልባትም ከክራስሊትሴ ከተማ የወጣ አማቲ። የምሥራቅ ጀርመን ስም ያለበት ከ1949 እስከ 1990 ባለው መካከል ነው።

ስሙ ከነዚህ አንዱም ካልሆነስ? ፋብሪካዎች ለመደብሮችና ለአስመጪዎች ሌላ ስም እየቀረጹ መሸጥ የቆየ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ያልታወቀ ስም ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፤ የታላቅ ፋብሪካ ልጅ በእንግዳ ስም ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ከተማም፣ አገርም፣ ቁጥርም የሌለው፣ አዲስ ሳለ ለማመን በሚያስቸግር ዋጋ የተሸጠው ነው። ለእሱ መለዋወጫ ስለማይገኝ ብዙ ጠጋኞች አይነኩትም። «የቻይና ነው» ብሎ መናቅ ግን አይረዳም፤ ዛሬ የታወቁት ኩባንያዎችም የተማሪ መሣሪያ በተለያየ የእስያ አገር ያሠራሉ፤ የታይዋኑ ጁፒተርም በየትምህርት ቤቱ የተከበረ ነው። ስላይዱን ጠይቀነዋል አይደል?

ደወሉ ክፍል ላይ አንድ ቁጥር፣ ስላይዱ ላይ ሌላ ቁጥር ካዩ ከሁለት ትሮምቦን የተጋቡ ናቸው። ተጋብተው ከተስማሙ ምንም አይደል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል።

ከማቀዝቀዣዎ በር ላይ አንድ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ናስ ማግኔት አይስብም። ብር የሚመስለው ነጩ የተማሪ ስላይድም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ የተቀላቀለበት ስለሆነ አይስብም። ደወሉ ላይ ማግኔቱ ትንሽ ከተለጠፈ ከላዩ የኒኬል ልባጥ አለ ማለት ነው፤ የምራቅ ማስወጫ ቁልፏ ሽቦ ላይ ከተለጠፈ ግን ብረት ስለሆነች ነው፣ አይደንግጡ።

ጭረትና የተላጠ ቅብ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሐምራዊ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጠብጣብ፣ መሀሉ ጠቆር ያለ፣ በተለይ ማውዝፒሱ በሚገባበት አካባቢና በደወሉ ክፍል ቆልማማ ቱቦ ላይ የሚታየው ነው። ይህ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ በሽታ ነው። እርጥበትና ምራቅ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን እየበሉ ቀይ፣ ተሰባሪ መዳብ ይተዋሉ። አንድ ሁለት ነጠብጣብ ለዋጋ ክርክር ነው፤ ብዙ ከሆነ ይተዉት።

ማውዝፒሱ ተጣብቆ ቢያገኙት ሻጩ በፒንሳ ሊያወጣው ሲነሣ እጁን ይያዙት። ቱቦው ይጠመዘዛል። የመሣሪያ ጥገና ቤቶች ለዚሁ የተሠራ መንቀያ አላቸው፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ገዝተው ቤት ሲገቡ ልጅቷ ከመንፋቷ በፊት መታጠቢያ ገንዳውን በለብታ ውሃ ይሙሉ፤ ሙቅ አይሁን፣ ቅቡን ይልጣል። ከሥሩ ፎጣ ያንጥፉ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ያድርጉ፣ ትሮምቦኑን ፈታተው ይንከሩት። ለዚሁ በሚሸጠው ተለማጭ ብሩሽ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጥረጉ። አረንጓዴ ውሃ ቢወጣ የቀድሞው ተማሪ ትዝታ ነው። አለቅልቀው አድርቀው፣ ስቶኪንጎቹ ላይ የስላይድ ቅባት ቀብተው የአውራ ጣቱን ፈተና ይድገሙት። ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ተጨናንቆ የነበረ ስላይድ ብዙ ጊዜ ከዚህ ገንዳ በኋላ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ወደ ጠጋኙ ሲሄዱ የትኛው እግር እንደሆነ አስቀድመው ይነግሩታል።